ካልሲ በትዕዛዝ ከማሠራትዎ በፊት፦ የካልሲ ዓይነቶች፣ አሠራርና የትዕዛዝ ሰነድ አዘገጃጀት

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻ ሲሆን፣ በርካታ ነዋሪዎችን የያዙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና የንግድ ተቋማት ያሉበት አካባቢ ነው። በዚህና በመሰል አካባቢዎች ትምህርት ቤቶች ለደንብ ልብስ፣ የስፖርት ቡድኖች ለመለያ፣ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ደግሞ ለሽያጭ የራሳቸው ቀለምና ጽሑፍ ያለው ካልሲ ማሠራት ይፈልጋሉ። ሆኖም ትዕዛዙ በቃል ብቻ ሲሰጥ ወይም «እንደዚህኛው አድርጉልን» ተብሎ አንድ ካልሲ በማሳየት ሲጠናቀቅ፣ አሠሪውና አምራቹ የተለያየ ነገር አስበው ሊለያዩ ይችላሉ። ካልሲ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ እንደ ሱሪ ሊጠብብ ወይም ሊሰፋ የማይችል በመሆኑ፣ የተሳሳተ ትዕዛዝ በአብዛኛው ሙሉ ኪሳራ ነው።

ይህ ማብራሪያ ተገልጋዮች የካልሲን አሠራር በሚገባ ተረድተው ትዕዛዛቸውን በጽሑፍና በልክ እንዲያቀርቡ ለማገዝ ተዘጋጅቷል።

1. ካልሲ ከሽመና ጨርቅ የሚለየው በምንድን ነው?

ጋቢም ሆነ ነጠላ የሚሠራው ድርና ማግ እርስ በርስ ተሻግረው እንዲተላለፉ በማድረግ ነው። ክሮቹ ቀጥ ብለው ስለሚቀመጡ ጨርቁ ሲጎተት እምብዛም አይለጠጥም። ካልሲ ግን የሹራብ ሥራ ነው። አንዱ የክር ቀለበት በሌላው ውስጥ እየገባ ረድፍ በረድፍ ይያያዛል። ቀለበቶቹ ሲጎተቱ ይከፈታሉ፤ ሲለቀቁ ይመለሳሉ። ካልሲ በጠባቡ ቁርጭምጭሚትና በሰፊው ተረከዝ ላይ እኩል ሊቀመጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሙያው ረጅም ታሪክ አለው። በግብፅ በቁፋሮ የተገኙና ከ1,500 ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ፣ አውራ ጣትን ከሌሎቹ ጣቶች ለይተው የተሠሩ የሱፍ ካልሲዎች በዓለም ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። እነዚህ በአንድ መርፌ በእጅ የተሠሩ ነበሩ። የሹራብ ሥራን ወደ ማሽን ያሸጋገረው እ.ኤ.አ. በ1589 እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ የፈለሰፈው የካልሲ መሥሪያ መሣሪያ ነው። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ማሽኖች ካልሲውን እንደ ቧንቧ ክብ አድርገው ከአፉ ጀምረው እስከ ጣቱ ድረስ ይሠራሉ።

2. የካልሲ ዋና ዋና ክፍሎች

ከአምራች ጋር ሲነጋገሩ ክፍሎቹን ለይቶ መጥራት አለመግባባትን ይቀንሳል።

ሀ) አፍ፦ ካልሲውን በእግር ላይ የሚይዘው የላይኛው ጠርዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ላስቲክ አለው።
ለ) የባት ክፍል፦ ከአፉ እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው ሲሆን ጽሑፍና አርማ በአብዛኛው የሚያርፈው በዚህ ክፍል ላይ ነው።
ሐ) ተረከዝ፦ ለሰበቃ በእጅጉ የተጋለጠ ስለሆነ በተጨማሪ ክር መጠናከር ይኖርበታል።
መ) ውስጥ እግር፦ መሬት የሚረግጠው ክፍል ነው። ለስፖርት ካልሲ እንደ ፎጣ ባለ ወፍራም አሠራር ሊሠራ ይችላል።
ሠ) የእግር ላይኛ ክፍል፦ ከጫማው ምላስ ሥር የሚውል ሲሆን ለአየር መተላለፊያ ሳሳ ብሎ ቢሠራ ይመረጣል።
ረ) የጣት ክፍል፦ ካልሲው የሚዘጋበትና ስፌቱ የሚገኝበት ነው።

3. የካልሲ ዓይነቶች በቁመት

በጫማ ውስጥ የሚደበቅ ካልሲ ከቁርጭምጭሚት በታች ይቀራል። ለክፍት ጫማ ይስማማል፤ ነገር ግን የሚይዘው ጠርዝ አጭር ስለሆነ በአካሄድ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። ይህን ለመከላከል በተረከዙ ውስጥ የሲሊኮን መያዣ ይደረግለታል።

የቁርጭምጭሚት ካልሲ ከጫማው ጠርዝ ጥቂት ከፍ ይላል። ለስፖርትና ለዘወትር ያገለግላል፤ ሆኖም ለአርማ የሚሆን ቦታው ጠባብ ነው።

የመካከለኛ ቁመት ካልሲ እስከ ባት መሃል ይደርሳል። ለደንብ ልብስ፣ ለቢሮና ለሥራ ጫማ ተስማሚ ከመሆኑም በላይ ለጽሑፍ በቂ ስፍራ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ካልሲ ለሚያሠሩ ተገልጋዮች ይህ ዓይነት ይመከራል።

ከጉልበት በታች የሚደርስ ረጅም ካልሲ ለእግር ኳስ፣ ለቦት ጫማና ለልጃገረዶች የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ይውላል። ብዙ ክር ስለሚፈጅ ዋጋው ይጨምራል።

ተረከዝ የሌለው ቀጥ ያለ ካልሲም አለ። ይህ እንደ ቧንቧ የተሠራ በመሆኑ አሠራሩ ቀላል፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ነገር ግን በቁርጭምጭሚት ፊት ለፊት ይሸበሸባል። በማደግ ላይ ላሉ ሕፃናት ሊያገለግል ቢችልም፣ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ሠራተኛ አይመከርም።

4. የክር ምርጫ

«ንጹሕ ጥጥ» የሚለው ስያሜ ጥራትን የሚያመለክት ቢመስልም፣ ሙሉ በሙሉ ከጥጥ የተሠራ ካልሲ ለዘወትር አገልግሎት የተሟላ አይደለም። ጥጥ እርጥበትን ይመጣል፣ ቆዳን አያሳክክም፤ ነገር ግን በሰበቃ ቶሎ ይሳሳል፣ ከተለጠጠም በኋላ በሚገባ አይመለስም። ስለዚህ የተለያዩ ክሮች ተመጥነው ይቀላቀላሉ።

የክሮቹን ጠባይ ለማነጻጸር የሚረዳው አንዱ መለኪያ ክሩ በመደበኛ የአየር ሁኔታ ከደረቅ ክብደቱ አንጻር የሚይዘው እርጥበት ነው። ሱፍ 16 በመቶ ገደማ፣ ጥጥ 8.5 በመቶ ገደማ፣ ናይለን 4 በመቶ ገደማ፣ ፖሊስተር ደግሞ 0.4 በመቶ ብቻ ይይዛል። ከዚህ በመነሳት፦

• ጥጥ ለዘወትርና ለደረቅ ሁኔታ ይስማማል፤ ከረጠበ ግን ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል።
• ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ሙቀት ይይዛል፤ ለብርድና ለሌሊት ሥራ ይመረጣል።
• ናይለን ለሰበቃ ጠንካራ በመሆኑ በተረከዝና በጣት ክፍል እንዲታከል ይደረጋል።
• ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ላብን ስለማይመጥ ሊያሞቅና ሽታ ሊያስከትል ይችላል።
• ስፓንዴክስ በጥቂቱ ሲገባ ካልሲው ቅርጹን እንዲይዝ ያደርጋል።

ለዘወትር ካልሲ ከ75 እስከ 80 በመቶ ጥጥ፣ ከ15 እስከ 20 በመቶ ናይለን፣ ከ2 እስከ 5 በመቶ ስፓንዴክስ ያለው ቅይጥ የተለመደና አስተማማኝ ነው። በአቃቂ ሜዳ የክረምት ጭቃ ውስጥ በቦት ጫማ ለሚሠሩ ሰዎች ግን ውኃ አምቆ የሚይዘውን ጥጥ ቀንሶ የሱፍን ወይም የፖሊስተርን ድርሻ ከፍ ማድረግ ተገቢ ነው።

ክሩ የተባለው ዓይነት ስለመሆኑ የሚጠራጠር ሰው ትንሽ የክር ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዞ፣ ከሥሩ ውኃ አስቀምጦ በማቃጠል መለየት ይችላል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድና ለስላሳ አመድ ይተዋል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። ናይለንና ፖሊስተር ይቀልጡና ጠንካራ እንክብል ይሠራሉ። ቅይጥ ክር ሁለቱንም ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል፣ ፍተሻው የዓይነት እንጂ የመቶኛ ማረጋገጫ አይሆንም። ሙከራው ከልጆች ርቆ መከናወን አለበት።

5. የመርፌ ቁጥርና የካልሲው ውፍረት

የካልሲ ማሽን ክብ ሲሊንደር ያለው ሲሆን በዙሪያው መርፌዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ መርፌ በአንድ ረድፍ አንድ ቀለበት ይሠራል። በመሆኑም የመርፌው ቁጥር ባነሰ መጠን ካልሲው ወፍራምና ቀለበቱ ትልቅ፣ በበዛ መጠን ደግሞ ስስና ልስልስ ይሆናል። ለአዋቂዎች ካልሲ በአጠቃላይ፦

• ከ84 እስከ 108 መርፌ፦ ለወፍራም የስፖርትና የሥራ ካልሲ፤
• ከ120 እስከ 144 መርፌ፦ ለመካከለኛ የዘወትር ካልሲ፤
• ከ168 እስከ 200 መርፌ፦ ለስስ የቢሮ ካልሲና ዝርዝር ምስል ላለው ንድፍ።

አምራቹን «ማሽንዎ ስንት መርፌ ነው?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ ነው። ንድፉ ሊኖረው የሚችለው ዝርዝር በዚህ መልስ ይወሰናልና።

6. ጽሑፍና አርማ በካልሲ ላይ

በሹራብ የሚሠራ ምስል እንደ ወረቀት ኅትመት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ነጥብ ነው። በ144 መርፌ ማሽን የካልሲው ሙሉ ዙሪያ 144 ነጥብ ብቻ ይኖረዋል። በአንድ ወገን በግልጽ የሚታየው ከዙሪያው ከግማሽ በታች ስለሆነ አርማውን ከ50 እስከ 60 በሚደርሱ ነጥቦች ውስጥ ማስፈር ይመከራል።

በተለይ በአማርኛ ፊደል ለሚያሠሩ ተገልጋዮች ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፊደላችን ድምፅን የሚለየው በትናንሽ ቅጥያዎች ነው። «ቱሉ ዲምቱ» የሚለውን ስም ብንወስድ፣ «ቱ» ከ«ተ»፣ «ሉ» ከ«ለ»፣ «ዲ» ከ«ደ» የሚለዩት በአንዲት አጭር ጭረት ብቻ ነው። ፊደሉ በጣም አንሶ ከተሠራ ወይም ካልሲው በእግር ላይ ሲለጠጥ ጭረቷ ትጠፋለች፤ ስሙም ሌላ ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ ፊደላቱ ወፍራምና ቀላል ቅርጽ ያላቸው፣ እያንዳንዱ ቅጥያም ቢያንስ የሁለት ነጥብ ውፍረት ያለው እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። ረጅም የድርጅት ስም ከሆነ በምህጻረ ቃል መተካት ይሻላል።

በተጨማሪም የሚከተሉት ሊታወቁ ይገባል፦

• የሹራብ ቀለበት በአብዛኛው ቁመቱ ከስፋቱ ያንሳል። በእኩል ጎን ካሬ ወረቀት ላይ የተሳለ ክብ በካልሲው ላይ ጠፍጠፍ ብሎ ይወጣል። ንድፉ በአምራቹ የነጥብ ሰንጠረዥ ላይ እንዲዘጋጅ ይጠይቁ።
• ማሽኑ በአንድ ረድፍ ሊይዝ የሚችለው የቀለም ብዛት ውስን ነው። ቀለም በበዛ ቁጥር በካልሲው ውስጥ የሚያልፈው ክር ይበዛል፤ ካልሲውም ይወፍራል፣ መለጠጡም ይቀንሳል።
• በኅትመት የሚሠራ ባለ ብዙ ቀለም ምስል ከተፈለገ፣ በሙቀት የሚተላለፈው ቀለም የሚይዘው በፖሊስተር ላይ ነው፤ በጥጥ ላይ ይለቃል።
• በጥልፍ የሚሠራ አርማ ያማረ ቢሆንም ስፍራው አይለጠጥም። ስለሆነም አነስተኛ ሆኖ ከአፉ በታች በጎን ቢቀመጥ ይመረጣል።

7. ተረከዝ፣ የጣት ስፌትና ማጠናቀቂያ

ጥሩ ተረከዝ በማሽኑ ወዲያና ወዲህ መመላለስ የሚሠራ ኪስ ሲሆን እንደ እግር ቅርጽ ይታጠፋል። ካልሲውን በጠረጴዛ ላይ ሲያነጥፉት ራሱን ችሎ ወደ ጎን የሚታጠፍ ከሆነ እውነተኛ ተረከዝ አለው ማለት ነው። ቀለሙ ብቻ የተለየ፣ ቅርጽ ግን የሌለው «ተረከዝ» በእግር ላይ ይዞራል።

የጣት ክፍል በሁለት መንገድ ይዘጋል። የመጀመሪያው ቀለበትን ከቀለበት ጋር በመግጠም ነው፤ ስፌቱ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ጣትን አያቆስልም፤ ጊዜና ዋጋ ግን ይጨምራል። ሁለተኛው በስፌት ማሽን ሰብስቦ መስፋት ነው፤ ርካሽ ቢሆንም በውስጥ በኩል ጉብታ ይተዋል። ልዩነቱን ለማወቅ ካልሲውን ገልብጦ በጣት መዳሰስ በቂ ነው።

በመጨረሻም ካልሲው በእግር ቅርጽ መወጠሪያ ላይ ሆኖ በእንፋሎት ቅርጽ ይይዛል። ይህ ሂደት ከተዘለለ የአንድ ጥንድ ሁለቱ ካልሲዎች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

8. የመጠን አወሳሰን

ለካልሲ ዋናው ልኬት የእግር ርዝመት ነው። ተለኪው ተረከዙን ግድግዳ አስነክቶ በወረቀት ላይ ይቆማል፤ ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ያለው ርቀት በሴንቲ ሜትር ይለካል። በአገራችን የተለመደውን የአውሮፓ የጫማ ቁጥር በግምት ለማግኘት በርዝመቱ ላይ 1.5 ደምሮ በ1.5 ማባዛት ይቻላል። ለምሳሌ 24 ሴንቲ ሜትር የሆነ እግር 38 ቁጥር፣ 26 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደግሞ 41 ቁጥር ገደማ ይሆናል።

አንድ የካልሲ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት የጫማ ቁጥሮችን ይሸፍናል፤ ለምሳሌ ከ35–38፣ ከ39–42 እና ከ43–46። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባል አንድ መጠን ለትምህርት ቤት ፈጽሞ አይመከርም። የአንደኛ ክፍልና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ እግር እኩል አይደለም፤ የጠበበ ካልሲ የሕፃንን ጣት ያጥፋል፣ የሰፋውም በጫማ ውስጥ ተጠቅልሎ ያቆስላል። ትዕዛዝ ከመሰጠቱ በፊት የተማሪዎቹን እግር በክፍል ኃላፊዎች አማካይነት ማስለካት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

9. ከጤና አንጻር ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች የእግር ስሜታቸው ሊቀንስ ስለሚችል፣ የተቆጣ ስፌት ያደረሰባቸውን ቁስል ላያውቁት ይችላሉ። ለእነርሱ አፉ የማያጠብቅ፣ የጣት ስፌቱ ጠፍጣፋና ቀለሙ ነጣ ያለ ካልሲ ይመረጣል። ነጣ ያለው ቀለም ደም ወይም ፈሳሽ ሲኖር ቶሎ ያሳያል።

የሕፃናት ካልሲ ተገልብጦ ሊፈተሽ ይገባል። በውስጡ የቀረ ረጅም ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውርን ሊያግድ ይችላል። በውስጥ በኩል የሚያልፉ የንድፍ ክሮች በሙሉ አጥረው መቆረጥ አለባቸው።

በደጋማው የአገራችን ክፍል ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍና ሊከላከሉት የሚቻል በሽታ ነው። ዋናው መከላከያ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ ሲሆን፣ ካልሲ አፈሩ ቆዳን እንዳይነካ ተጨማሪ ከለላ ይሆናል። ካልሲ ጫማን እንደማይተካ ግን ሊታወቅ ይገባል።

እግርን በተመጠነ ግፊት የሚይዝ የሕክምና ካልሲ የሕክምና መሣሪያ በመሆኑ በሐኪም ምክር የሚወሰድ እንጂ በተራ ትዕዛዝ የሚሠራ አይደለም። ማንኛውም አምራች «ያድናል» ወይም «የደም ሥር ያክማል» የሚል ጽሑፍ በተራ ካልሲ ላይ ከማኖር መቆጠብ ይኖርበታል።

10. የናሙና ፍተሻ

ሙሉ ምርቱ ከመጀመሩ በፊት ከእያንዳንዱ መጠን ቢያንስ ሁለት ጥንድ ናሙና ተሠርቶ እንዲቀርብ ይጠይቁ። ከዚያም፦

1) የእግሩን ክፍልና የባቱን ርዝመት ለክተው ይመዝግቡ።
2) አንዱን ጥንድ አምስት ጊዜ አጥበው፣ አድርቀው እንደገና ይለኩ። ለምሳሌ 22 ሴንቲ ሜትር የነበረው ወደ 20.9 ከወረደ 5 በመቶ ተኮማትሯል ማለት ነው፤ ይህ በመጠኑ ላይ ታሳቢ መደረግ አለበት።
3) እርጥብ ነጭ ጨርቅ በቀለሙ ላይ ደጋግመው ይሽቱ። ጨርቁ ከቀለመ ካልሲውም እግርንና ጫማን ያቀልማል።
4) አፉን ለጥጠው ይልቀቁ፤ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት።
5) ካልሲውን አንድ ሰው አንድ ሙሉ ቀን እንዲያደርገው አድርገው፣ ጽሑፉ በእግር ላይ ሆኖ መነበቡን ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ጥንድ ሳይታጠብ፣ በሁለቱም ወገን ተፈርሞበት ማወዳደሪያ እንዲሆን ይቀመጥ።

11. የትዕዛዝ ሰነድና የክር ስሌት

የትዕዛዝ ሰነዱ የሚከተሉትን ማካተት ይኖርበታል፦ የካልሲው ዓይነትና ቁመት፣ የክር ቅይጥ በመቶኛ፣ የመርፌ ቁጥር፣ የአንድ ጥንድ ክብደት፣ የጣት ስፌት ዓይነት፣ ቀለም በናሙና ክር ተደግፎ፣ የጽሑፍ ቦታና ልክ፣ ብዛት በየመጠኑ፣ የሚፈቀድ የልኬት ልዩነት፣ ጉድለት ያለበት ምርት የሚተካበት ሁኔታ፣ ዋጋ፣ የክፍያ አፈጻጸምና የርክክብ ቀን።

ክብደትን መግለጽ በተለይ አስፈላጊ ነው፤ አምራቹ ክር ቀንሶ ሳስ ያለ ካልሲ ቢያቀርብ በሚዛን ይታወቃልና። ለምሳሌ አንድ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ 50 ግራም የሚመዝን 600 ጥንድ ካልሲ ቢያሠራ፣ የምርቱ ክብደት 30 ኪሎ ግራም ይሆናል። ለብክነት 5 በመቶ ሲታከል የሚያስፈልገው ክር 31.5 ኪሎ ግራም ነው። ቅይጡ 78 በመቶ ጥጥ፣ 18 በመቶ ናይለንና 4 በመቶ ስፓንዴክስ ከሆነ፣ በቅደም ተከተል 24.57፣ 5.67 እና 1.26 ኪሎ ግራም ይፈለጋል። ይህን ስሌት የያዘ ተገልጋይ የቀረበለት ዋጋ ከክሩ ወጪ ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ራሱ ሊመዝን ይችላል።

12. ለሽያጭ የሚያመርቱ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ሕጎች

• ካልሲ ለማምረትም ሆነ ለመሸጥ በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት መመዝገብና የዘርፉን ፈቃድ መያዝ ያስፈልጋል።
• በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ከፖሊስተር የተሠራን ካልሲ «ንጹሕ ጥጥ» ብሎ መሸጥ ሸማቹን ማሳሳት ነው።
• የራስን መለያ በሕግ ለማስጠበቅ በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል። ምዝገባው ለ7 ዓመት የሚጸና ሲሆን ይታደሳል። የንግድ ስም በፈቃድ ላይ መስፈሩ ብቻውን የንግድ ምልክት ምዝገባን አይተካም። የቦታ ስም ብቻውን ለምዝገባ ብቁ ላይሆን ስለሚችል፣ ከስሙ ጋር የሚለይ ምስል ወይም ቃል ማከል ይመከራል።
• አዲስ የሆነ የካልሲ ንድፍ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት በኢንዱስትሪያዊ ንድፍነት ሊጠበቅ ይችላል። ጥበቃው በቅድሚያ 5 ዓመት ሲሆን ለሁለት ተጨማሪ የ5 ዓመት ጊዜያት ሊራዘም ይችላል። ንድፉን ለገበያ ከማውጣት በፊት ማመልከት ተገቢ ነው።
• የሌላ ድርጅትን ወይም የታወቀ የስፖርት ክለብን አርማ ያለባለቤቱ ፈቃድ በካልሲ ላይ ማሠራት በሕግ ያስጠይቃል። የሰንደቅ ዓላማ አጠቃቀም በአዋጅ ቁጥር 654/2001 የሚመራ በመሆኑ፣ በእግር በሚደረግ ምርት ላይ ሰንደቅ ዓላማን ከማኖር መቆጠብ ይገባል።

13. አገልግሎት ለማግኘት

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚፈልጉ የቱሉ ዲምቱና የአካባቢው ነዋሪዎች በሚኖሩበት ወረዳ ወይም በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የንግድ ጽሕፈት ቤት፣ በማኅበር መደራጀት የሚፈልጉ ደግሞ በወረዳቸው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መስተናገድ ይችላሉ። ስለ ክር፣ ስለ ማሽንና ስለ ምርት ጥራት የቴክኒክ ምክር ለሚሹ የአምራች ኢንዱስትሪ ልማት ኢንስቲትዩት የጨርቃ ጨርቅ ዘርፍ፣ በደረጃዎች ጉዳይ ደግሞ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት የሚመለከታቸው ተቋማት ናቸው። ለምክር ሲቀርቡ የተፈረመበትን ናሙና፣ የንድፍ ሰንጠረዡንና የትዕዛዝ ሰነዱን ይዞ መቅረብ ባለሙያው በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንዲገባ ያስችለዋል።

በአጠቃላይ፣ ካልሲ በዋጋው አነስተኛ ቢሆንም በየቀኑ በእግር ላይ የሚውል ዕቃ ነው። ተገልጋዮች ቅድመ ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት የእግር ልክ የማስለካት፣ ናሙና የመፈተሽና ዝርዝሩን በጽሑፍ የማስፈር ልማድ እንዲያዳብሩ ይመከራል።